በገደብ የተለቀቀው አዳኝ

ደሳለኝ ሆዴ፣

እንዴት ከረምህ ብዬ ብጠይቅህ የሚመልስልኝ የለም፤ እኛ እንዴት እንደከረምን ልንገርህ። ከተለየኸን በመጪው ታኅሣሥ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ሙት ዓመትህን በወጉ አውጥተናል። ጠላው ሸጋ ሆኖ ወጥቶ ነበር፤ ካህናቱም፣ የአምባ ጊዮርጊስ ሰውም፣ የትክል ድንጋይ ዘመዶችህም ሳይቀሩ መጥተው ነበር። እኔ ግን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድንኳኑ ውስጥ ብዙ አልቆየሁም። ነጠላዬን አውልቄ፣ ካፖርቴን ደርቤ፣ ጠመንጃዬን አንግቤ ወደ ዝግባ ገደል ወጣሁ። ተራዬ ነበር።

አዎ፣ ጠመንጃዬን። አንተ ትጠብቀው የነበረውን ደን አሁን የምጠብቀው እኔ ነኝ።

ከቤት ልጀምርልህ። ብርቄ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። ስትሄድ እንዳንተ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ነው፤ ከበስተኋላዋ ሳያት አንዳንዴ ዓይኔን እመልሳለሁ። የጣሪያውን ቀዳዳ ወንድምህ ሙላት ደፍኖልናል። የስፌት ማኪናዬን ለእህቴ ሰጠኋት፤ ገበያው ዳር በኔ ቦታ ተቀምጣ እሷ ትሰፋለች። አባትህ አያ ቢያድግልኝ ግን ከቤቴ አይገቡም። ብርቄን በአጥር በኩል ጠርተው ይስሟታል፣ ቆሎ በኪሷ ይጨምሩላታል፣ ይሄዳሉ። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ያን ደን ያሳየኸኝን ቀን ታስታውሳለህ? ገና መጋባታችን ነበር። ከገደሉ አፋፍ አስቀምጠኸኝ ዝም በይ አልኸኝ። ከታች ከቁጥቋጦው ውስጥ ውሻ ጮኸ መሰለኝና ከሰው ቤት የራቀ ውሻ ምን ይሠራል ብዬ ጠየቅሁህ። ሳቅህብኝ። "ውሻ አይደለም አለሜ፣ ድኩላ ነው" አልኸኝ። ትንሽ ቆይቶ ወንዱ ወጣ፤ ጥቁር ቡናማ፣ ጎኑ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ ቀንዱ ጥምዝ። እንስቲቱ ከኋላው መጣች፤ ቀንድ የላትም፣ ቀላ ትላለች። ያን ጊዜ ነበር ሕጉን የነገርኸኝ። ፈቃድ ያለው ሰው አንድ ወንድ ይገድላል፣ ያውም የደረሰውን፤ እንስት አይነካም፤ በመውለጃ ወራት ደኑ ዝግ ነው፤ ከመኪና ላይ አይተኮስም። "ምነው ለእንስቲቱ እንዲህ አዘኑላት?" ብልህ፣ "አንድ ወንድ ቢጎድል ሌላ ወንድ አለ። እናት ስትገደል ግን የነገውም አብሮ ነው የሚሄደው" አልኸኝ። የአዳኝ ልጅ ነበርህ፤ አያ ቢያድግልኝ በወጣትነታቸው ያልገደሉት አውሬ የለም። አንተ ግን ያን ደን እንደ ቤትህ ነበር የምታየው።

ያን ሰው በስሙ አልጠራልህም። ታውቀዋለህ። የዞናችን ከተማ ፒያሳ ላይ የሕንፃ ዕቃ መደብር ያለው፣ ከሒሳብ መቀበያው በላይ የድኩላ ቀንድ ደርድሮ የሚሰቅለው ሰውዬ ነው። በየዓመቱ የአንድ ወንድ ፈቃድ እያወጣ ይመጣ ነበር፤ በየዓመቱም ከአንድ በላይ ጭኖ ይመለሳል። ሌሎቹ ጥበቃዎች ዓይናቸውን ጨፈኑለት። አንተ ግን መኪናውን አስቁመህ ሸራውን ገለጥህና ከወንዱ ሥር የተደበቀች እንስት አገኘህ። ከስሰህ አስቀጣኸው። ማታ ራት ላይ ስትነግረኝ ምን እንዳለህ ደጋግሜ ጠየቅሁህ፤ "ጫካ ስለጠበቅህ ጫካው ያንተ መሰለህ? ቆይ ብቻ" ብሎህ ነበር። እኔ ደነገጥሁ፤ አንተ ሽሮህን ጠርገህ በላህ።

በነጋታው ካፖርትህን ወሰድሁና ጀርባው ላይ ሰፊ ቀይ ጨርቅ ሰፋሁበት። ከሩቅ የሚያይህ ሁሉ ሰው መሆንህን እንዲያውቅ ብዬ ነው። "ዘበኛ ሳይሆን ሙሽራ አስመሰልሽኝ" እያልህ አሾፍህብኝ፤ ግን ለበስኸው። ከዚያ ወዲህ ያለዚያ ካፖርት፣ ያለ ቀይ ጨርቁ ደን ገብተህ አታውቅም።

የሞትህ ዕለት ጧት ውርጭ ነበር፤ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ወጥታ ሰማዩ እንደ መስተዋት ጠራ። እኔ ማኪናዬ ላይ የሰው ሱሪ እያሳጠርሁ ነበር። የጥበቃ ጓደኛህ ጌታሁን በገበያው መሐል ኮፍያውን በእጁ ይዞ ሲመጣ አየሁት። ምንም ሳይናገር ማኪናዬን አቆምሁ። "አለሜ፣ ተነሽ እንሂድ" ብቻ አለኝ። ጥይቱ በጀርባህ ነበር የገባው፤ በቀዩ ጨርቅ መሐል።

ፍርድ ቤት ቆሞ ምን እንዳለ ልንገርህ። "ጉም ነበር። ድኩላ መስሎኝ ተኮስሁ" አለ። በታኅሣሥ! ረፋድ ላይ! ጌታሁን ጉም አልነበረም ብሎ መሰከረ፤ የሱ ሁለት ባልንጀሮች ነበር ብለው መሰከሩ። ካፖርትህ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር። ከተቀመጥሁበት ተነሥቼ፣ "ቀይ ጨርቅ የለበሰ ድኩላ የት አገር ነው ያለው?" ብዬ ጮህሁ። ዳኛው እንድቀመጥ አዘዙኝ። በመጨረሻ በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው አሉ። እስራት ፈረዱበትና ወዲያው ቅጣቱን በገደብ አደረጉለት። ጠበቃው እየሳቀ ጨበጠው። እኔ ግን ዳኛው ያነበቡትን እያንዳንዱን ቃል አዳምጬ ነበር። በገደቡ ዘመን ጦር መሣሪያ እንዳይዝ፤ ሌላ ጥፋት ቢያጠፋ ገደቡ ተነሥቶ የተፈረደበትን እስራት እንዲፈጽም። ያን በልቤ ጻፍሁት። አንተን በመግደሉ የተሰጠው ፍርድ አልቀረም፣ ተንጠልጥሎ ነው ያለው ብዬ ወጣሁ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ሽማግሌዎች መጡ። ሰውዬው ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ደጃፌ ላይ ቆመ። የነፍስ አባታችን መስቀል ይዘው ከፊት፣ አያ ቢያድግልኝ ከጎን። መንደሩ በሙሉ አጥሩን ከቦ ያያል። አባትህ ድንጋዩን ሊያነሡለት እጃቸውን ዘረጉ።

"አያ፣ ይቆዩኝ" አልሁ። "የሞተው ልጅዎ ነው፣ ለኔም ባሌ ነው። አንድ ነገር ልጠይቀውና አነሣለታለሁ።"

እጃቸውን መለሱ። ወደሱ ጎንበስ አልሁና፣ "ምን መስሎህ ተኮስህ?" አልሁት።

"ድኩላ መስሎኝ ነው እናቴ፣ በማርያም ይቅር በይኝ።"

"እውነቱን ተናገር። እውነቱን ከተናገርህ በዚህ ሕዝብ ፊት ድንጋዩን አነሣልሃለሁ፤ ማርያምን አልዋሽም።"

ላቡ አፈር ላይ ሲንጠባጠብ አየሁት። "ድኩላ መስሎኝ" አለ እንደገና።

"እንግዲያው ይክበድህ" አልሁና በሬን ዘጋሁ።

አባትህ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ነው የተቀየሙኝ። "ደም ደም ይወልዳል፤ ሽማግሌ አሳፍራ፣ መስቀል መልሳ ምን ልታተርፍ ነው?" ይላሉ አሉ። የነፍስ አባታችንም ይቅር እስክል ድረስ ቁርባን እንደማያቀብሉኝ ነገሩኝ። አልተከራከርኋቸውም። አባታችን ሆይን እስከ ዛሬ እደግማለሁ፤ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል የሚለው ላይ ስደርስ ግን ዝም እላለሁ። እግዜርን መዋሸት አልችልም።

ሙላት ሌላ ሐሳብ ነበረው። አንድ ቀን ጠመንጃ በጋቢ ጠቅልሎ መጣ። "ያንን ውሻ ሱቁ ደጃፍ ላይ ልድፋው። እኔም እንደሱ ድኩላ መስሎኝ እላለሁ" አለኝ። ዕንባ በዓይኑ ሞልቶ ነበር። ወንድምህ ይወድህ ነበር ደሳለኝ። እኔም አልዋሽህም፤ ልቤ እሺ በለው እያለኝ ነበር። ግን ሙላት ቢታሰር፣ ከዚያም የነዚያ ዘመድ ተነሥቶ ሙላትን ቢገድል፣ ያ ሰው ሞቶ ተገላገለ ማለት ነው። እኔ እንዲገላገል አልፈለግሁም። "መልሰው" አልሁት። "እሱ ከደኑ አይቀርም። ልማድ አለበት። የምጠብቀው እዚያ ነው።"

ባንተ ቦታ ለመቀጠር አመለከትሁ። አለቆችህ መጀመሪያ ሳቁ። ሴት ልጅ ገደል ለገደል ጠመንጃ ይዛ ትዞራለች ወይ አሉ። ጌታሁን፣ "እኔ አብሬያት እሠራለሁ" ብሎ ቆመልኝ። ሥልጠና ገባሁ፤ ትከሻዬ በሰደፉ እስኪጠቁር ተኮስሁ። ያንተን መንገዶች ጌታሁን አንድ በአንድ አሳየኝ፤ የምታርፍበትን ዋርካ፣ ውኃ የምትጠጣበትን ምንጭ፣ የወደቅህበትንም ቦታ። እዚያ ቦታ ስደርስ አላለቀስሁም። ተቀመጥሁና ገዳይህ ቆሞበት የነበረውን ቦታ ፈልጌ አገኘሁ። ከዚያ ወደ ወደቅህበት አየሁ። መሐሉ ሣር ብቻ ነው፤ አንድ ዛፍ እንኳ የለም።

ሙት ዓመትህ በወጣ በጥር፣ እንደገመትሁት መጣ። ከአዲስ አበባ እንግዶች ይዞ ነበር። ፈቃዱ በአማቹ ስም የወጣ የአንድ ወንድ ድኩላ ፈቃድ ነው። ጌታሁን መንገዱ ላይ መኪናውን ፈትሾ፣ ፈቃዱን አይቶ፣ ጠመንጃ የያዘው አማቹ መሆኑን አረጋግጦ አሳለፋቸው። እኔን አላዩኝም፤ ከላይ ከአፋፉ ነበርሁ። አንድ ጥይት ሰማሁ። ወንዱ ወድቋል አልሁ፤ የተፈቀደላቸው ይኸው ነው፣ ይመለሳሉ። አልተመለሱም። ሁለተኛ ጥይት ከሸለቆው ተሰማ።

ለጌታሁን በፉጨት ምልክት ሰጠሁና ወረድሁ። ቁጥቋጦውን ስገልጥ እሱ ራሱ ነው። እንግዶቹና አማቹ ወዲያ ማዶ ከመኪናው ጋር ናቸው። ጠመንጃውን ዛፍ ላይ አስደግፎ፣ እንስት ድኩላ ላይ ጎንበስ ብሎ ሆዷን እየከፈተ ነበር። ጡቷ ሞልቶ ነበር ደሳለኝ። ግልገሉ ሆዷ ውስጥ ነበረ፤ ፀጉር አውጥቶ።

ጠመንጃዬን አቀባበልሁ። ድምፁን ሰምቶ ዞረ። አወቀኝ። ቢላዋው ከእጁ ወደቀ።

"ልጆች አሉኝ" አለ።

"እሱም ልጅ ነበረችው" አልሁት።

ጠመንጃዬን ደረቱ ላይ አነጣጠርሁ። ይህን ስነግርህ አላፍርም። "አሁን ብተኩስ ምን የምል ይመስልሃል?" አልሁት። "ጉም ነበር፣ ድኩላ መስሎኝ ነው እላለሁ። በገደብ ይለቁኛል።"

ተንበረከከ። "አይቼዋለሁ" አለ። "ሰው መሆኑን አይቼዋለሁ። ቀዩን ጨርቅ አይቼዋለሁ። ስላዋረደኝ ነው። በልጅሽ፣ አትግደይኝ።"

ጌታሁን ከኋላዬ ደርሶ ነበር፤ ሰማ። "አለሜ" አለኝ ቀስ ብሎ። ጣቴ ምላጩ ላይ ነበር። ከመግደል የተቆጠብሁት አዝኜለት እንዳይመስልህ። ያን ሰዓት ብገድለው በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። እንዲያ በቀላሉ እንዲያልቅለት አልፈለግሁም።

"ተሸከማት" አልሁት።

"ምን?"

"የገደልሃትን ተሸከማት። መኪናው ይያዛል፤ አንተ በእግርህ ትሄዳለህ።"

ድኩላይቱን ትከሻው ላይ ጫነ። ደሟ በነጭ ሸሚዙ ላይ ወረደ። ግልገሉን ጌታሁን በሸራ ጠቅሎ ያዘ። እንግዶቹ ቆመው አዩት፤ አንዳቸውም ላግዝህ አላለውም። አማቹ ሊናገር አፉን ከፍቶ የኔን ጠመንጃ ሲያይ ዘጋው። ዳገቱን ሲወጣ ወደቀ፤ ተነሥ አልሁት፤ ተነሣ። የአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ቀን ነበር። ይህን ዕድሌን እግዜር ነው የሰጠኝ። እህል የሚሰፍሩት ቁናቸውን አቆሙ፤ በግ የሚጎትቱት ቆሙ፤ አውቶቡስ የሚጠብቁት ከመናኸሪያው ወጡ። እህቴ ማኪናዋ ላይ እንደተቀመጠች እጇን አፏ ላይ ጫነች። አንዲት ሴት፣ "ይኼ እኮ የደሳለኝ ገዳይ ነው!" ብላ ጮኸች። ከዚያ በኋላ በገበያው ውስጥ የተሰማ ድምፅ የሱ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ሲደርስ አያ ቢያድግልኝ ከሰዉ መሐል ቆመው አየኋቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ለኔ ይሁን ላንተ አላወቅሁም።

ዐቃቤ ሕጉን ስለ ሰማነው ቃል ጠየቅሁት። ጌታሁንም እመሰክራለሁ አለ። "በጠመንጃ አፍ የወጣ ቃል ነው፤ ፍርድ ቤት አይቀበለውም" አለን። ተናደድሁ፤ የጻፍሁትን ማመልከቻ ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ወጣሁ። የቀረው ግን አላመለጠውም። ከፈቃድ በላይ መግደል፣ እንስት መግደል፣ ከሁሉም በላይ ተከልክሎ ሳለ መሣሪያ መያዝ። ዳኛው ሌላ ዳኛ ነበሩ፤ ሴት ናቸው። ድኩላይቱን በፎቶ አዩ። አንብበው ሲጨርሱ፣ "ገደቡ ተነሥቷል" አሉ። ላንተ ሞት የተፈረደበትን እስራት ከነአዲሱ ጨምረው ሰጡት። ፈቃድ የሚባል ነገር ዳግመኛ እንዳይሰጠው፣ መሣሪያውም እንዲወረስ አዘዙ። ሲወስዱት ዞር ብሎ አየኝ። ዓይኔን አልነቀልሁም። ቀድሞ ያቀረቀረው እሱ ነው።

ከዚያ ከፍርድ ቤቱ ባጃጅ ይዤ ፒያሳ ሄድሁ። ከመደብሩ ፊት ለፊት ካለው ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ማኪያቶ አዘዝሁ። መደብሩ ዝግ ነበር፤ የብረት መዝጊያው ወርዶ። በሕይወቴ እንዲያ የጣፈጠኝ ነገር የለም። ሰው ሲሰማ ያፍርብኛል፤ ላንተ ግን ሌላ ምን ልበልህ? ሁለተኛ አዘዝሁ። ጠጥቼ ስጨርስ ግን አንተ ከጎኔ የለህም፤ ያን ማንም ዳኛ አይፈርድልኝም።

ባለፈው ሳምንት እናቱ መጣች። አሮጊት ናት፤ በትር ይዛ። አስገባኋት፤ ምግብ አቀረብሁላት። "ልጄን ይቅር በይው፤ ሳልሞት ቃልሽን ልስማ" አለችኝ። ቁጭ ብዬ እግሯን አጠብሁላት፤ በሷ ቂም የለኝም። "እማማ፣ ለርስዎ ያለኝን ሁሉ እሰጣለሁ። ይህን ግን አልችልም" አልኋት። አለቀሰች። እኔም አለቀስሁ። ሸኝቻት ተመለስሁ፤ ልቤ ግን እንደነበረ ነው።

አያ ቢያድግልኝ አሁንም በአጥር በኩል ነው የሚመጡት፤ ቆሎው ግን በዝቷል፤ ለኔም ተለይቶ ይመጣል። ብርቄ ማን እንደገደለህ ጠየቀችኝ። ሽማግሌዎቹ እንዳይነገራት ብለው ነበር። ነገርኋት፤ ስሙንም፣ ያደረገውንም፣ የት እንዳለም። "እኔም ሳድግ እበቀለዋለሁ?" አለችኝ። "የለም" አልኋት። "ይህ የኔ ድርሻ ነው። አንቺ ትምህርትሽን ተማሪ።" የኔ ቂም ከኔ ጋር ይቀበራል፤ ለልጅህ አላወርሰውም። ይህን ቃል ሰጥቼሃለሁ።

አሁን ደኑ ዝግ ነው፤ የመውለጃው ወራት ገብቷል። ትናንት ከምንጩ ዳር እንስቶች ከነግልገሎቻቸው አየሁ፤ ማንም አልተኮሰባቸውም። እኔ እስካለሁ ድረስም አይተኩስም።

ያ ሰው አንድ ቀን እስራቱን ጨርሶ ይወጣል። ሰው ሁሉ፣ ቅጣቱን ተቀብሏል፣ በቃ፣ እርሽው ይለኛል። እሱም ቢሆን ድኩላ መስሎኝ ነው እያለ ለልጆቹ ያወራ ይሆናል። መዝገቡ ቸልተኝነት ይላል። አይቶህ እንደገደለህ ከአፉ የሰማነው ጌታሁንና እኔ ብቻ ነን፤ ጌታሁን ደግሞ አርጅቷል። ስለዚህ ደሳለኝ፣ አልረሳህም። ከጸሎትም በፊት፣ ከእንቅልፍም በፊት፣ ገደሉን ስወጣም ስወርድም ስምህን እጠራለሁ። እኔ ከረሳሁህ ያ ሰው ምንም አላደረገም ማለት ነው።

ያንተው አለሜ